ኩላሊት የተባለው ወገቤ

መጀመሪያ ድምፅ ነበር። ኅዳር ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ጓሮዬ ውስጥ የታሰረ የኮባ ቅጠል ከመሬት ላነሳ ጎንበስ ስል ከመቀነቴ ዝቅ ብሎ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። ሌላ ሰው አጠገቤ ቢኖር ይሰማው ነበር ወይ አላውቅም። ቀና ልል ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ልንበረከክ ሞከርኩ፤ እሱም እምቢ አለኝ። ግማሽ ታጥፌ ጓሮው መሃል ቆምኩ። ዝናቡ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ቅጠሉን ግን ከእጄ አልጣልኩትም።

ስሜ ብርቅነሽ ነው፤ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመት አለፈው። ይህን የምጽፈው አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ እንዴት እንደሚነሱ ለሚያስቡ ሰዎች ነው። የምታነቡት ውስጥ ቁጣ ብታገኙ አትደነቁ፤ አለበት። ሐኪም አይደለሁም። ሕመሜን ግን ከነስሕተቱ አውቀዋለሁ፤ ስሕተቱ ደግሞ የእኔ ብቻ አልነበረም።

ያን ጠዋት ጩኸቴን ሰምታ የመጣችው የባሌ ታላቅ እህት እትዬ አስካለ ናት። ከአጥሬ ማዶ ነው የምትኖረው። የሰፈራችን የሴቶች ዕድር ሰብሳቢም እሷው ናት። ፊት ለፊት "እርስዎ" እላታለሁ፤ እዚህ ግን የምጽፈው እንደማስባት ነው።

"የቱ ጋ ነው?" አለች ከበሩ ሳትገባ።

እጄን ወደ ኋላ ልኬ አሳየኋት።

"ኩላሊት ነው" አለች።

ምርመራው ይኸው ነበር። በእኛ አገር ከጎድን በታች፣ ከመቀመጫ በላይ ያለ ጀርባ ሁሉ ስሙ ኩላሊት ነው። ብርድ ሲመታውም ኩላሊት፣ ሸክም ሲያጎብጠውም ኩላሊት። ቢሮ ብትሄዱ፣ ገበያ ብትወጡ፣ ሰው ወገቡን ይዞ "ኩላሊቴን" ይላል፤ የሚያርመው የለም። እኔም አላረምኩም። ሰኞ ዕለት ስሙን ወደማልጠራው አንድ የግል ክሊኒክ ሄጄ በገዛ አፌ "ኩላሊቴን ያመኛል" አልኩ። ሽንት ሰጠሁ። "ትንሽ ኢንፌክሽን አለ" ተባልኩ። ለአሥር ቀን አንቲባዮቲክ፣ ለሦስት ቀን የዳይክሎፌናክ መርፌ ታዘዘልኝ። ጀርባዬን የነካው ሰው የለም። ልብሴን ገለጥ አድርጎ ያየም የለም። መርፌው ሦስቱን ቀን አስታገሰልኝ፤ በአራተኛው ቀን ሕመሙ የቀኝ እግሬን ይዞ ወደ ታች ወረደ። ውሃ በብዛት ጠጪ ስለተባልኩ እጠጣ ነበር፤ በጠጣሁ ቁጥር ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ፤ ለመሄድ ደግሞ ከአልጋ መነሳት አለብኝ። የሚገድለኝ መነሳቱ ነበር።

መዝገብ ቤት የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። ወረቀት አይጠፋም፤ ያልሆነ ፋይል ውስጥ ይገባል እንጂ። አንዴ ከገባ በኋላ መቶ ሰው ቢፈልገው አያገኘውም። የእኔም ሕመም በዚያች ቅዳሜ "ኩላሊት" የሚል ፋይል ውስጥ ገባ፤ አራት ወር ሙሉ የሚያወጣው ጠፋ።

ከእትዬ አስካለ ጋር ያለን ነገር የቆየ ነው፤ እሱን ካልነገርኳችሁ ቀሪው አይገባችሁም። የተወለድኩት ደካ በሚባል ቦታ ነው። አባቴ አስተማሪ ነበር። እናቴ ለቆጮ እንሰት የምትፍቀው ቆማ ነበር። ሳንቃውን ከጓሮ ዛፍ ጋር በገመድ አቁማ ታስራለች፣ የቅጠሉን ግንድ ከሳንቃው አናት ላይ ትቋጥራለች፣ ከዚያ በቀርከሃ መፋቂያዋ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። "ቁጭ ብዬ ስፍቅ ወገቤ ያልቃል" ትል ነበር። ደካ ያለች ሴት ሁሉ እንዲህ ታደርጋለች አልልም። እናቴ ግን ታደርግ ነበር፤ እኔንም ያስተማረችኝ እንዲሁ ነው።

አግብቼ ቦንጋ በመጣሁ በመጀመሪያው ወር፣ ቅዳሜ ከቢሮ መልስ፣ ሳንቃዬን ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ጋር አሰርኩ። እትዬ አስካለ አየችኝና ጎረቤቶቿን ጠራች።

"ኑና እዩ፣ የአስተማሪ ልጅ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እየጻፈችልን ነው።"

ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ነፍሱን ይማር። እሷ ወደ እኔ ቀርባ ገመዱን ራሷ ፈታችው። "ቆሞ የተፋቀ እንሰት አይቦካም። እዚህ ቤት ሴት ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው" አለችኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አንድ እግሬን አንስቼ ቅጠሉን በተረከዜ ሳንቃው ላይ ተጭኜ፣ ወገቤን አጥፌ እፍቅ ጀመር። ማርታን ስድስት ወር አርግዤም በዚያው አቀማመጥ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መፋቂያውን አስቀምጬ "በቃኝ እትዬ" አልኳት።

"አልበቃሽም" አለችኝ።

ያን ቃል ሠላሳ አምስት ዓመት ይዤዋለሁ። ሳምንቱን ቢሮ ፋይል ተሸክሜ፣ ቅዳሜን መሬት ተቀምጬ እንሰት እየፋቅኩ፣ ወገቤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲያልቅ ማንም ድምፅ አልሰማም። ኅዳር ላይ የተሰማው የመጨረሻው ነው።

ወደ ሕመሙ ልመለስ። ታኅሣሥ ላይ እትዬ አስካለ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥታ "የወንድሜ ሚስት ኩላሊቷ አልቋል፤ ከሥራ ነፃ ትደረግ" ብላ ተናገረች። ከዚያ በኋላ ቤቴ ጠያቂ ሞላው። የሚጠይቁኝ ግን እንደ ታማሚ ሳይሆን እንደ ተሰናባች ነበር። አልጋዬን ከበው ይቀመጣሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ "ቀለሟ ጠቁሯል" ይባባላሉ፣ እኔ እየሰማሁ። አንዷ ፌጦ ፈጭታ መጥታ ጀርባዬ ላይ ለጠፈችልኝ። ኩላሊት ይፈታል ተባለ። በማግስቱ ቆዳዬ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ከሕመሙ በላይ ቁስል ተጨመረልኝ፤ በጀርባዬ መተኛትም ቀረ።

"ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ" ትለኝ ነበር እትዬ አስካለ። ስፖንጁ መሃሉ የሰጠመ ፍራሽ ላይ ስድስት ሳምንት ተኛሁ። መቀነቴን ደግሞ "ወገብሽን ይደግፈዋል" ብላ ራሷ አጥብቃ አስራልኛለች። በጥር እግሬ ከቀኝ ጭኔ እስከ ትንሿ ጣቴ በእሳት ክር የተሰፋ መሰለኝ። ሳስል ይወጋኛል። ሳስነጥስ ይወጋኛል።

ከዚያ ሺሺንዳ ያለ ወጌሻ ተጠቆመልኝ። እትዬ አስካለ በሚኒባስ ወሰደችኝ። የሆነውን በአጭሩ እነግራችኋለሁ፤ ማራዘም አልችልም።

በሆዴ አስተኙኝ። ሰውየው ጫማውን አወለቀ። ወገቤ ላይ ወጣ። በተረከዙ ተጫነ። አንዴ ደገመው። እትዬ አስካለ እጄን ይዛ ነበር፤ እንዳልነሳ። ከዚያ ወረደ። "አለቀ" አለኝ።

እግሬ ከዚያ ጀምሮ የእኔ አልነበረም። ስረግጥ መሬቱ አይሰማኝም። ጫማዬ ከእግሬ ሲወልቅ አላውቅም።

የካቲት ውስጥ አንድ ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ መነሳት አቃተኝ። ግድግዳውን ያዝኩ። እጄ አዳለጠኝ። ተጣራሁ። ማንም አልመጣም። እንደገና ተጣራሁ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የመጣችው እሷ ናት። ልብሴን ሳትሰበስብልኝ ቆማ አየችኝ።

"ይኸው" አለች። "ኩላሊት እንዲህ ነው የሚጨርሰው።"

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ እሷ ሳሎኔ ውስጥ ስልክ ደወለች። ልጄ ማርታ ጅማ ነው የምትሠራው፤ ባልና ሁለት ልጆች አሏት፤ ቤቷ ሁለት ክፍል ነው። እትዬ አስካለ ስልክ ላይ ስታወራ መስኮት እንደሚያንቀጠቅጥ ሰው ነው፤ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

"ከፋሲካ በኋላ ውሰጃት ልጄ። ከእንግዲህ ብቻዋን አትሆንም። ስለ ቤቱ አታስቢ። ልጄን አስገብቼ አስጠብቀዋለሁ። እንሰቱንም እኛ እንፍቀዋለን፤ እሷ ከእንግዲህ ጎንበስ አትልም።"

ተነጋግረው ጨርሰው ነበር። እኔን የጠየቀኝ የለም። ከፋሲካ በኋላ ቤቴንና ጓሮዬን ትቼ የልጄ ሶፋ ላይ ላረጅ ነው። ነገሩ ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነበር፤ ጎንበስ ማለት እችላለሁ ወይስ አልችልም።

በማግስቱ እትዬ አስካለ ለቅሶ ሄዳ ሳለች ባጃጅ አስጠራሁ። የኋላ ወንበሩ ላይ በጎኔ ተጋደምኩ። በየጉድጓዱ ጥርሴን እየነከስኩ ሆስፒታል ደረስኩ።

ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከወሎ ተመድባ የመጣች። "እማማ" አለችኝ። ለእማማ ገና ነኝ፤ ስሜን ነገርኳት። ከዚያ በኋላ "እትዬ ብርቅነሽ" አለችኝ። አልረሳላትም።

"ምንዎን ነው የሚያምዎት?"

"ኩላሊቴን።"

"ኩላሊትዎ የት ጋ ነው? በእጅዎ ያሳዩኝ።"

እጄን ከመቀነቴ በታች አኖርኩ።

"እዚያ ጋ ኩላሊት የለም" አለች። እጄን ይዛ ወደ ላይ ከፍ አደረገችው፣ የመጨረሻዎቹ ጎድኖቼ ሥር አሳረፈችው። "ኩላሊት እዚህ ነው። እርስዎ የሚያሳዩኝ ወገብዎን ነው። ኩላሊት ነው ያለዎት ማን ነው?"

"የባሌ እህት።"

"ሐኪም ናቸው?"

"የዕድር ሰብሳቢ ናት።"

ልትስቅ ነበር፤ ፊቴን አይታ ተወችው።

በአራት ወር ውስጥ ጀርባዬን የነካ የመጀመሪያ የሕክምና ሰው እሷ ናት። አስተኝታ ቀኝ እግሬን ቀጥ እንዳለ አነሳችው፤ ከግማሽ በታች ሳለ ጮህኩ። ጉልበቴንና ቁርጭምጭሚቴን በትንሿ መዶሻ መታ መታ አደረገች፤ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ አልነቃነቀም። በጣትዎ ጫፍ ይቁሙ፣ በተረከዝዎ ይሂዱ አለችኝ። ከዚያ ጠየቀችኝ። ሽንት ወይም ሰገራ ያመልጥዎታል? ከጭንዎ መሃል፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ፣ ይደነዝዝዎታል? ትኩሳት አለዎት? ያለ ምክንያት ከስተዋል? ወድቀው ያውቃሉ? ሁሉንም የለም አልኩ። የኩላሊት የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒን የሚሉትን፣ እንዲሁም ኤክስሬይ አዘዘች። ክሬአቲኒኑ ልክ ነበር። ያ ወረቀት አሁንም አለኝ፤ የትኛው ፋይል ውስጥ እንዳለም አውቃለሁ።

"ዲስክ ነው" አለችኝ። "ሾልኮ ሳያቲክ የሚባለውን፣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። ኤምአርአይ ዛሬ አያስፈልግም። ብዙ ሰው ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻለዋል፤ ተኝቶ ግን አይደለም። መተኛቱ ነው ያደከመዎት። ከጠየቅኩዎት ነገሮች አንዱ ቢመጣ፣ ወይ እግርዎ ከዛሬ ቢብስ፣ ያንኑ ቀን ይምጡ። ነገ አይበሉ።"

መቀነቴን አስፈታችኝ። ቀኑን ሙሉ ጠብቆ ሲታሰር ጡንቻው ሥራ ይፈታል አለች። የወጌሻውን ነገር ስነግራት "እግዚአብሔር ነው ያወጣዎት" አለች። ቀጥላ ያደረገችውን እስክሞት አስታውሳለሁ። ጫማዋን አወለቀች፣ ነጭ ጋዎኗን እንደለበሰች ምርመራ አልጋው ላይ ወጥታ በጀርባዋ ተኛች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ "ይዩኝ" አለች። ውጭ ወረፋ የያዘው ሰው በሩን ያንኳኳል። እሷ አራቱንም እንቅስቃሴ አንድ በአንድ አሳየችኝ፤ ከዚያ እኔን አስተኝታ አሠራችኝ።

ማርታ ለፋሲካ መጣች። ሻንጣ ይዛ ነው የመጣችው፤ ባዶ ሻንጣ፣ ለእኔ። እትዬ አስካለም መጥታ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ለአንቺ ብለን እኮ ነው" አለችኝ ማርታ።

"እስከ መስቀል ስጡኝ" አልኩ። "አንድ እንሰት ራሴ ፍቄ፣ እንዲቦካ ራሴ ቀብሬ፣ ለመስቀል ራሴ አውጥቼ ካላበላኋችሁ፣ ሻንጣውን ራሴ እሞላዋለሁ።"

"በየትኛው ወገብሽ?" አለች እትዬ አስካለ።

ማርታ ሻንጣውን ቁም ሣጥኔ ላይ አስቀምጣው ሄደች። በየጠዋቱ ዓይኔን ስገልጥ የማየው እሱን ነበር።

የመጀመሪያው ሥራዬ ፍራሹ ሆነ። የሰጠመውን ስፖንጅ አውጥቼ ጥጥ ፍራሽ ጠንከር ባለ ጣውላ ላይ አነጠፍኩ፤ በጎኔ ስተኛ በጉልበቶቼ መሃል ትራስ አደርጋለሁ፣ በጀርባዬ ስተኛ ከጉልበቶቼ ሥር አኖረዋለሁ፣ ስነሳም እንደ ድሮው ወገቤን ቀጥ አድርጌ ብድግ አልልም፤ መጀመሪያ በጎኔ እገለበጣለሁ፣ እግሮቼን ከአልጋው አወርዳለሁ፣ ከዚያ በክንዴ ገፍቼ እቀመጣለሁ። ሕመሙ ሲበረታ ገበታ ጨው በመጥበሻ አሙቄ በወፍራም ጨርቅ ቋጥሬ ወገቤ ላይ ሩብ ሰዓት ያህል አሳርፋለሁ፤ ቆዳዬን እንዳያቃጥለኝ መጀመሪያ በክንዴ ውስጠኛ በኩል እሞክረዋለሁ፤ ከፌጦው በኋላ ቆዳዬን ለማንም አላምንም።

ጠዋትና ማታ ምንጣፍ ላይ ተኝቼ ዶክተሯ ያሳየችኝን እሠራለሁ። ጉልበቴን አጥፌ ወገቤን ወደ መሬት መጫንና አምስት እስክቆጥር መያዝ፣ አንዱን ጉልበት ወደ ደረቴ መሳብ፣ መቀመጫዬን ከመሬት ማንሳት፣ በእጅና በጉልበቴ ሆኜ እንደ ድመት ጀርባዬን ማጉበጥና መልሶ ማቅናት። እያንዳንዱን አሥር ጊዜ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሦስት አላልፍም ነበር፤ ሦስተኛውም ላይ እሳደባለሁ። የምሰድባት ሴት ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ።

ከዚያ መራመድ። ከበሬ ጀምሮ ወደ ላይ የሚወጣው ኮብልስቶን ዳር የመብራት ምሰሶዎች ቆመዋል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ምሰሶ ሄጄ ተመለስኩ። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ሆነ። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ቦንጋን መልቀቅ በማያውቅበት ሰሞን፣ ጃንጥላዬን ይዤ ስምንተኛው ምሰሶ ደርሼ፣ የጫማዬ ቀዳዳ ውሃ ሲያስገባ በቀኝ እግሬ ትንሽ ጣት ላይ ቅዝቃዜው ተሰማኝ። ቆሜ አለቀስኩ። ሰዎች አሞኝ መስሏቸው ቀረቡ፤ እግሬን በረደኝ አልኳቸው። ከበረደሽ ግቢ እንጂ ምን ያስለቅሳል አሉኝ።

ዝንጅብልም አፍልቼ ጠጥቻለሁ። ይጣፍጣል፤ ያሞቃል። ወገቤን ያዳነው ግን እሱ አይደለም።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ እንሰቱን ጎረቤቴ ቆርጦ ጣለልኝ፤ ያ ድሮም የወንድ ሥራ ነው። እኔ ሳንቃውን አወጣሁ። ገመድ ፈለግኩ። ዋንዛው ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት ከነበረው በእጥፍ ወፍሯል፤ ገመዱን ሁለት ጊዜ መቀጠል ነበረብኝ። ሳንቃውን አቁሜ አሰርኩት፣ ቅጠሉን አናቱ ላይ ቋጠርኩ፣ አንድ እግሬን ዝቅ ያለ ድንጋይ ላይ አሳርፌ መፋቅ ጀመርኩ። ወገቤ አልታጠፈም። እጄ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የእናቴን ትከሻ በዓይኔ አየሁት።

ብዙም ሳይቆይ ከአጥሩ ማዶ ድምፅ መጣ።

"ዛሬም ሰሌዳ ላይ ነሽ?"

"አዎ እትዬ። ትምህርቴን አልጨረስኩም ነበር።"

"ቆሞ የተፋቀ አይቦካም ብዬሻለሁ።"

"ሰምቻለሁ።"

ሃያ ደቂቃ እፍቃለሁ፣ አሥር ደቂቃ እራመዳለሁ። ድሮ በሁለት ቀን የምጨርሰው ዘጠኝ ቀን ወሰደብኝ። አንድ ቀን ጉልበት ተሰማኝ ብዬ ዕረፍቱን ዘለልኩ፤ ሁለት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ስቀብረውም ጉድጓዱ ላይ ጎንበስ አላልኩም፤ ተንበርክኬ ነው ኮባውን ያነጠፍኩት፣ ተንበርክኬ ነው የሞላሁት። ጎረቤቴ ከላዩ መጫኛውን ድንጋይ ጫነልኝ።

የመስቀል ለት ማርታ ባሏንና ልጆቿን ይዛ መጣች። ጉድጓዱን ፊታቸው ከፈትኩት። በልኩ ቦክቶ ነበር፤ ሽታው ከበር ይቀበላል። ጋግሬ አቀረብኩ። እትዬ አስካለ ቆረሰች፣ አኘከች፣ ወደ ጣሪያው አየች።

"ጨው አንሶታል" አለች።

ሁለተኛ ቆረሰች። ሦስተኛም ቆረሰች። ማርታ ወደ መኝታ ቤት ገብታ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አወረደችው፤ ለልጆቿ ቆጮ በኮባ ጠቅልላ ሞላችውና ወደ ጅማ ይዛው ሄደች። እኔ ቤቴ ቀረሁ።

አሁን ወገባችሁን ይዛችሁ ለምታነቡ የምለውን ልበል። መጀመሪያ እጃችሁን የት እንዳሳረፋችሁ እዩ። ለሐኪም የሰፈር ስም አትንገሩ፤ በእጃችሁ አሳዩ። ጀርባችሁን ሳይነካ መድኃኒት የሚያዝላችሁ ካለ፣ ንካኝ በሉት። ወገባችሁ ላይ ሰው አታቁሙ። ከሁለት ቀን በላይ አትተኙ፤ ከአንድ ምሰሶ ጀምሩ። ሽንት ካመለጣችሁ፣ ከጭን መሃል ከደነዘዛችሁ፣ እግር ከሰነፈ፣ ትኩሳት ካለ፣ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነገር የለም፤ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ሂዱ። ሌላው ሁሉ ትዕግሥት ነው፤ እኔ ትዕግሥት የለኝም፤ በእልህም ይሠራል። ሥራችሁ የሚያጎብጣችሁ ከሆነ ደግሞ ሥራውን ወደ ቁመታችሁ አንሱት። እናቴ ይህን ሳትማር ታውቅ ነበር፤ እኔ ሰው ሳቀብኝ ብዬ ሠላሳ አምስት ዓመት ተውኩት። በዚህ የምወቅሰው ራሴንም ነው።

ጫማዋን አውልቃ አልጋው ላይ የተኛችልኝን ዶክተር አመሰግናለሁ። በመስከረም ሄጄ እግሬን ቀጥ አድርጌ አነሳሁላት፤ በትንሿ መዶሻዋ ቁርጭምጭሚቴን መታ አድርጋ "ተመልሷል" አለች። ድንጋይ የጫነልኝን ጎረቤቴን አመሰግናለሁ። እናቴን አመሰግናለሁ፤ አፈሩ ይቅለላት።

እትዬ አስካለን አላመሰግንም። ጥቅምት ላይ ግን አንድ ጠዋት በሬን አንኳኳች። ግማሽ ታጥፋለች፤ እጇ ከመቀነቷ በታች ነው።

"ኩላሊቴን፣ ብርቄ" አለችኝ።

"እዚያ ጋ ኩላሊት የለም" አልኳት። እጇን ይዤ ወደ ላይ ከፍ አደረግኩት። ሆስፒታልም ወሰድኳት፤ ዶክተሯ ለእሷም የእኔኑ እንቅስቃሴ አዘዘችላት። ቤቷ የሚያሠራት የለም። ስለዚህ በየጠዋቱ ትመጣለች። ምንጣፌን አነጥፋለሁ፣ በጀርባዋ ትተኛለች፣ ጉልበቷን ታጥፋለች። እኔ ከአጠገቧ ቆሜ እቆጥራለሁ። ወገብዎን ወደ መሬት ይጫኑ እላለሁ። አንድ፣ ሁለት። በመጀመሪያው ቀን ሰባተኛው ላይ ዓይኗን ጨፈነች።

"በቃኝ ብርቄ" አለች።

"አልበቃዎትም" አልኳት።